የአውሮፓ መኪና ቅናሽ የማን ነው?

ከመግዛት በፊት ሊሰላ የሚገባው ሒሳብ

በልደታ ክፍለ ከተማ፣ በጌጃ ሰፈር ውስጥ ለውስጥ መንገድ የሚያልፍ ሰው አጥር ተጠግቶ፣ ጎማዎቹ ወልቀው በድንጋይ ላይ የቆመ መኪና ቢያይ አይደነቅም። እንዲህ ያለው መኪና የግድ አሮጌ አይደለም። ከአቧራው ሥር ቀለሙ ደኅና ነው፤ ወንበሩ ቆዳ ነው፤ ኮፈኑ ላይ ያለው ምልክትም የትውልድ አገሩ ጀርመን ወይም ፈረንሳይ መሆኑን ይናገራል። "ምን ሆኖ ነው የቆመው?" ተብሎ ሲጠየቅ የሰፈሩ ሰው መልስ አጭር ነው፤ "ዕቃ እየጠበቀ ነው።"

ይህች አጭር መልስ ወደ ኢኮኖሚክስ ቋንቋ ስትመለስ "ካፒታል ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል" ማለት ናት። መርካቶ ሱቅ ላለው ነጋዴ ያ ገንዘብ በሦስት ወር ውስጥ ስንት ጊዜ ዕቃ ሆኖ ገብቶ፣ ብር ሆኖ ይወጣ እንደነበር ማስላት አያዳግትም።

በአዲስ አበባ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ፣ ዕድሜውና ደረጃው ከጃፓኑ ጋር እኩል የሆነ የአውሮፓ መኪና አብዛኛውን ጊዜ በቅናሽ እንደሚሸጥ ነጋዴውም ደላላውም ያውቃል። ደላላው ይህንኑ እንደ ዕድል አድርጎ ያቀርበዋል። "ጋሼ፣ በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ መኪና ከየት ይገኛል? የዶክተር መኪና ነው፤ ሞተሩ አልተነካም፤ ቁልፍ አዙሮ መሄድ ብቻ ነው!" ገዥም ልቡ ይከፈላል።

ለመሆኑ ይህ ቅናሽ እውነተኛ ቅናሽ ነው ወይስ በኋላ የሚከፈል ዕዳ? ቅናሹስ የማን ነው? የገዥው፣ የሻጩ ወይስ የመካኒኩ?

ቃሉ የጣሊያን፣ ገበያው የጃፓን

የአውሮፓ መኪና ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። እንዲያውም አገሬው ስለ መኪና የሚናገርበትን ቋንቋ ያወረሰው እርሱ ነው። መካኒኩ ከቶዮታ ሥር ተኝቶ ሲሠራ እንኳ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ብሎን እያለ ነው። ባለቤቱም ሲታጠፍ ፍሬቻ ያሳያል፤ ሊብሬውን ይዞ ቦሎ ለማደስ ይሰለፋል። እነዚህ ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የአገራችን ጋራዥ አፉን የፈታው በፊያት ዘመን ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ከዚያም በኋላ 633 ሲሲ ሞተር ይዛ የተነሳችው ፊያት 600፣ በከተማው አጠራር "ሰይቼንቶ"፣ ታክሲ ሆና አገልግላለች። ፔጆ 404 እና 504 በከተማም በክፍለ ሀገርም ሠርተዋል። ቮልስ ደግሞ ደመወዝተኛው ሊመኛት የሚችላት መኪና ነበረች። በደርግ ዘመን የገባችው ላዳም ብትሆን ሥሯ ጣሊያን ነው፤ ፊያትና ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1966 ባደረጉት ስምምነት መሠረት ከፊያት 124 ተቀድታ፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የተመረተች ናት።

እነዚህ መኪናዎች ፋብሪካቸው ከተዘጋ በኋላ እንኳ በአዲስ አበባ ጎዳና የቆዩበት ምክንያት ምሥጢር አይደለም። የቮልስ ምርት በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1978፣ የመጨረሻዋ በተሠራችበት በሜክሲኮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 አብቅቷል። ይሁን እንጂ እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተመረተች መለዋወጫዋ በዓለም ገበያ አልጠፋም። ከኋላ የተቀመጠው ሞተሯ በአራት ብሎን ተፈትቶ ይወርዳል። የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የለውም፤ ስለዚህም የሚፈላ ውሃ፣ የሚቀደድ ጎማ ቱቦ የለበትም። የጎደለው ዕቃ ቢጠፋ በቶርኖ ይቀረጻል፤ ላሜራው ቢበላ ባትላሜራው ቀጥቅጦ ይመልሰዋል። ባጭሩ፣ ዕቃው ብረት እስከሆነ ድረስ ሰፈሩ ያኖረዋል።

የጌጃ ሰፈር አቀማመጥ ለዚህ ይመች ነበር ማለት ይቻላል። ሜክሲኮ አጠገብ ያለው ተግባረ ዕድ ለረጅም ዓመታት የእጅ ባለሙያ ሲያፈራ ኖሯል። ያገለገለ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራም ብዙ አይርቅም። ባለሙያውም ዕቃውም በአጭር ርቀት ይገኛል። የጃፓን መኪና ገበያውን ሲቆጣጠር ይኸው መረብ ወደ ቶዮታ ዞረ። መኪናው በበዛ ቁጥር መለዋወጫው በዛ፤ መለዋወጫው በበዛ ቁጥር ደግሞ መኪናው ተፈላጊ ሆነ። ኢኮኖሚስቶች ይህን "የመረብ ጥቅም" ይሉታል፤ ነጋዴው "ቶዮታ ወርቅ ነው" ይላል። ሁለቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው።

የሎሚው ገበያ

ቅናሹ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት እ.ኤ.አ. ወደ 1970 መመለስ ይጠቅማል። በዚያ ዓመት አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ ስለ "ሎሚ" ገበያ አንድ ጥናት አወጣ። "ሎሚ" በአሜሪካ የመንደር አነጋገር ላዩ ደኅና መስሎ ውስጡ እንከን ያለበት መኪና ነው። አከርሎፍ በዚህ ዘርፍ ባደረገው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

የጥናቱ ፍሬ ነገር ለማንኛውም ደላላ የተሰወረ አይደለም። ሻጩ የመኪናውን እንከን ያውቃል፤ ገዥው አያውቅም። ስለማያውቅ ሁሉንም ይጠረጥራል፤ ስለሚጠረጥር ለሁሉም ዝቅተኛ ዋጋ ይሰጣል። በዚህ ዋጋ ደኅና መኪና ያለው ሰው ከመሸጥ ይቆጠባል። እንከን ያለበትን የያዘው ግን ደስ ብሎት ይሸጣል። በመጨረሻ ገበያው ላይ የሚቀሩት በአብዛኛው "ሎሚዎቹ" ይሆናሉ፤ ገዥውም ጥርጣሬው ትክክል እንደነበር ያረጋግጣል።

ይህ ሕግ በሁሉም ያገለገለ መኪና ላይ ይሠራል። በአውሮፓ መኪና ላይ ግን ይበረታል። አንዲት ቪትዝ ብትቀርብ ብዙ መካኒክ ድምጿን ሰምቶ ሕመሟን ይናገራል፤ አምሳያዎቿ በየመንገዱ አሉና። በአንፃሩ በከተማው ጥቂት አምሳያ ያለው የአውሮፓ መኪና ሲቀርብ መካኒኩም እንደ ገዥው ይገምታል። ስለዚህ ከቅናሹ አንዱ ክፍል የመኪናው ጉድለት ዋጋ ሲሆን፣ ሌላው ክፍል ያለማወቅ ዋጋ ነው። ሁለቱን ለይቶ የሚያይ ነጋዴ ያተርፋል፤ የሚያምታታቸው ይከስራል።

ሕመሙ የት የት ነው?

የአውሮፓ መኪና ይበላሻል ሲባል ጥራት ይጎድለዋል ማለት አይደለም። ለሌላ አየር፣ ለሌላ መንገድና ለሌላ ጋራዥ ታስቦ ተሠርቷል ማለት ነው። ከዚህ አንፃር አራት ነገሮች ሊታወቁ ይገባል።

አንደኛው ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የመኪና ሞተር ግን ከዚያ በላይ ይሞቃል፤ አንዳንድ የአውሮፓ ሞተሮች ነዳጅ ለመቆጠብ ሆን ተብሎ ከ100 ዲግሪ በላይ እንዲሠሩ ተደርገዋል። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው በራዲያተሩ ወይም በውሃ ማጠራቀሚያው ላይ ያለው ክዳን አምቆ የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ከላላ ወይም ከፕላስቲክ የተሠራው ማጠራቀሚያ ከተሰነጠቀ ግፊቱ ይወርዳል፤ ውሃው ይፈላል፤ ከአሉሚኒየም የተሠራው ቴስታታ ይጣመማል። ለክዳን ጥቂት ብር ያልከፈለ ሰው ሞተር ለማስወረድ ይገደዳል። በማቀዝቀዣ ፈሳሽ ፈንታ የቧንቧ ውሃ መሙላትም እንዲሁ ነው፤ ውስጡን እያዛገ ፓምፑንና ራዲያተሩን ይበላል።

ሁለተኛው ናፍጣው ነው። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ዩሮ 5 ደረጃ የተሠሩ የናፍጣ አውቶሞቢሎች ጥቀርሻ የሚይዝ ማጣሪያ በጢስ ማውጫቸው ላይ አላቸው። ማጣሪያው የያዘውን ጥቀርሻ በ600 ዲግሪ ገደማ እያቃጠለ ራሱን ያጸዳል። ለዚህ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ሰልፈሩ እጅግ ያነሰ ናፍጣና ሳይቆራረጥ በፍጥነት የሚኬድበት መንገድ። ከጌጃ ሰፈር መርካቶ፣ ከመርካቶ ሜክሲኮ በኤሊ ጉዞ የሚመላለስ መኪና ግን ማጣሪያውን የሚያጸዳበት ዕድል አያገኝም። መጀመሪያ መብራት ይበራል፤ ቀጥሎ ጉልበት ይቀንሳል፤ በመጨረሻም ማጣሪያው ይደፈናል። በቀን አሥር ኪሎ ሜትር በከተማ ውስጥ ለሚነዳ ሰው እንዲህ ያለው መኪና ከመጀመሪያውም አይሆነውም።

ሦስተኛው ቀን የተቆረጠለት ዕቃ ነው። በብዙ የአውሮፓ ሞተሮች ታይሚንግ ቤልት የሚባለው ቺንጋ በተወሰነለት ኪሎ ሜትር ወይም ዓመት መለወጥ አለበት። ከመበጠሱ በፊት ብዙ ጊዜ ምልክት አይሰጥም፤ ሲበጠስ ግን ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። የሞተር ዘይትም እንዲሁ ነው። በአውሮፓ ለረጅም ጉዞ የተፈቀደው የ30,000 ኪሎ ሜትር የዘይት መለወጫ ጊዜ፣ ለአቧራና ለመንገድ መጨናነቅ የተወሰነ አይደለም። "ቡክሌቱ እንዲህ ይላል" ብሎ እስከዚያ የሚጠብቅ ሰው በተርቦው ላይ ይፈርዳል።

አራተኛውና ዋነኛው ኮምፒውተሩ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የቤንዚን መኪናዎች እ.ኤ.አ. ከ2001፣ የናፍጣዎቹ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የብልሽት ምልክት የሚነበብበት መሰኪያ እንዲኖራቸው ተደርጓል። በእጅ የሚያዝ ርካሽ መመርመሪያ የሞተሩን አጠቃላይ ምልክት ያነባል። የካምቢዮውን፣ የፍሬኑንና የኤርባጉን ኮምፒውተር አጥርቶ ለማንበብ ግን ብዙ ጊዜ ለዚያ ፋብሪካ የተዘጋጀ መሣሪያ ያስፈልጋል። ሌላም አለ። በብዙዎቹ አዳዲስ የአውሮፓ መኪናዎች ኮምፒውተሩ ከሻንሲ ቁጥሩና ከቁልፉ ጋር ተሳስሮ ተመዝግቧል። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ ቢሰኩት መኪናው "አላውቅህም" ይለዋል። መጀመሪያ የሚያስተዋውቀው ባለሙያ መገኘት አለበት።

የገበያው ታሪክ የታጠፈው እዚህ ላይ ነው። በቮልስ ዘመን የጠፋው ዕቃ ብረት ስለነበረ ሰፈሩ ይሠራው ነበር። ዛሬ የሚጠፋው ዕቃ ብዙውን ጊዜ መረጃ ነው፤ መረጃ ደግሞ በመዶሻ አይቀጠቀጥም።

የዶላሩና የአዋጁ ጫና

በዚህ ሁሉ ላይ የመንግሥት ውሳኔዎችና የምንዛሪው ሁኔታ ይጨመራሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገባ ያገለገለ መኪና ላይ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር የሚከብድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ።

የእነዚህ እርምጃዎች ውጤት በሁለት አቅጣጫ ይስባል። በአንድ በኩል፣ የመኪናው አቅርቦት ሲጠብብ በእጅ ያለው መኪና በብር ዋጋው ይጨምራል። በሌላ በኩል፣ ከውጭ የሚታዘዝ ዕቃ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ የጥገናው ወጪ አብሮ ይወጣል። የጃፓን መኪና ባለቤት አገር ውስጥ ባለው የመለዋወጫ ክምችት ይህን ጫና ለጊዜው ይከላከላል። ዕቃውን አንድ በአንድ የሚያስመጣው የአውሮፓ መኪና ባለቤት ግን ጫናውን የሚቀበለው በዚያው ሳምንት ነው።

ሒሳቡ ሲሠራ

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። የሚከተሉት አኃዞች ለማስረዳት የተወሰዱ ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንባቢ የራሱን ቁጥር ተክቶ ሊሠራባቸው ይችላል። ለቀላልነት ሲባል የብር የመግዛት አቅም እንደማይለወጥ፣ ነዳጅና ኢንሹራንስም ለሁለቱም እኩል እንደሆነ ይታሰብ።

እንበልና በጌጃ ሰፈር የሚኖር፣ መርካቶ ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ ለሦስት ዓመት የሚይዘው መኪና ይፈልጋል። የጃፓኑ 2,500,000 ብር፣ የአውሮፓው 1,900,000 ብር ተጠርቶለታል። ልዩነቱ 600,000 ብር ነው። ደላላው "ያተረፍከው" የሚለው ይህንን ነው።

የጃፓኑ መኪና፦
ከሦስት ዓመት በኋላ በ2,250,000 ብር ቢሸጥ፣ የእርጅና ቅናሹ 250,000 ብር፤
ጥገና በዓመት 80,000፣ በሦስት ዓመት 240,000 ብር፤
በዓመት 6 ቀን ቢቆም፣ ለአንድ ቀን 3,000 ብር ቢታሰብ፣ በሦስት ዓመት 54,000 ብር፤
ገንዘቡ ሥራ ላይ ቢውል በዓመት 10 በመቶ ያስገኝ ነበር ቢባል 750,000 ብር፤
ድምር 1,294,000 ብር።

የአውሮፓው መኪና፦
ከሦስት ዓመት በኋላ በ1,300,000 ብር ቢሸጥ፣ የእርጅና ቅናሹ 600,000 ብር፤
ጥገና በዓመት 180,000፣ በሦስት ዓመት 540,000 ብር፤
ዕቃ በመጠበቅ በዓመት 25 ቀን ቢቆም፣ በሦስት ዓመት 225,000 ብር፤
የታሰረው ገንዘብ ዋጋ በዚያው ስሌት 570,000 ብር፤
ድምር 1,935,000 ብር።

"ርካሹ" መኪና በ641,000 ብር በለጠ። ሲገዛ የተገኘው 600,000 ብር ከነመኖሩ ተረሳ ማለት ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ትልቁ ኪሳራ ከየት እንደመጣ ነው። ብዙ ሰው የሚያማርረው መካኒኩን ነው። በዚህ ምሳሌ የጥገናው ልዩነት 300,000 ብር ሲሆን፣ ሲሸጥ የመጣው ልዩነት 350,000 ብር ነው። ነጋዴው ሲገዛ ያገኘውን ቅናሽ ሲሸጥ ለሌላ ገዥ መልሶ ሰጠው፤ ከፍ አድርጎም ሰጠው። ለርዕሱ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው። ቅናሹ የገዥው አይደለም፤ ለሦስት ዓመት በብድር ተሰጥቶት ነው።

ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ፣ ሁለቱ መኪናዎች እኩል እንዲመጡ የአውሮፓው ስንት መገዛት ነበረበት? ስሌቱ 1,400,000 ብር ገደማ ላይ ያርፋል። ተገቢው ቅናሽ 600,000 ሳይሆን 1,100,000 ብር አካባቢ ነበር። ለድርድር የሚቀመጥ ነጋዴ ይህን ቁጥር ቀድሞ በኪሱ ይዞ መሄድ ይኖርበታል።

ቅናሹን የራስ ማድረጊያ መንገድ

ከዚህ ተነስቶ "የአውሮፓ መኪና አይገዛም" ማለት ግን የሒሳቡን ግማሽ ብቻ ማንበብ ይሆናል። ከቅናሹ አንዱ ክፍል ያለማወቅ ዋጋ ነው ከተባለ፣ የሚያውቅ ሰው ያንን ክፍል ለራሱ ማስቀረት ይችላል። ይኸውም በሚከተሉት መንገዶች ነው።

መካኒኩ ከመኪናው ይቀድማል። አብዛኛው ሰው መኪና ገዝቶ መካኒክ ይፈልጋል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ግን የተገላቢጦሽ ነው። የዚያን ፋብሪካ ኮምፒውተር አንብቦ የሚያስተካክል መሣሪያና ባለሙያ በከተማው መኖሩን ያላረጋገጠ ሰው ቀብድ ባይከፍል ይሻለዋል።

ምርመራው በቀዝቃዛ ሞተር ይሁን። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ያቆየው ሞተር ብዙ እንከን ይደብቃል። መኪናው ሌሊቱን ባደረበት፣ በማለዳ ሄዶ ማስነሳት ተገቢ ነው። ከዚያም የተመዘገቡት የብልሽት ምልክቶች ይነበቡ። ምልክቶቹ በዚያው ዕለት ወይም ከአንድ ቀን በፊት ከተሰረዙ፣ "ማን አጠፋቸው? ለምን?" ብሎ መጠየቅ የገዥው መብት ነው። ለምርመራ የሚወጣው ገንዘብ የጠፋ ገንዘብ አይደለም። ያለማወቅን ቅናሽ ከጉድለት ቅናሽ የሚለየው እርሱ ብቻ ነው።

ዕቃው ሳይጠፋ ይገዛ። ነጋዴ ስኳር ወይም ሲሚንቶ ሲያልቅበት አይደለም የሚያዘው። በተወሰነ ጊዜ እንደሚለወጡ የሚታወቁት ዕቃዎች፣ ማለትም ቺንጋው፣ የውሃ ፓምፑ፣ ማጣሪያዎቹ፣ የፍሬን ሸራውና የውሃ ማጠራቀሚያው ከነክዳኑ፣ በሻንሲ ቁጥሩ ተጣርተው አስቀድመው ቢታዘዙ መኪናው የሚቆምባቸው ቀናት ይቀንሳሉ። ወንድሙ ፍራንክፈርት ወይም ዱባይ ያለ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳል።

ደብተር ይያዝ። የተለወጠው ዘይት፣ የተገጠመው ዕቃ፣ ቀኑና ኪሎ ሜትሩ ከነደረሰኙ በአንድ ፋይል ይቀመጥ። ይህ ለመኪናው ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ለሚቀጥለው ገዥ የሚቀርብ ማስረጃ ነው። "የዶክተር መኪና ነው" የሚለውን ቃል የሚተካ ደረሰኝ ሲኖር፣ ሎሚ ነው ብሎ የሚጠረጥረው ገዥ ዋጋውን ከፍ ለማድረግ ምክንያት ያገኛል።

እነዚህ እርምጃዎች ከላይ የተሠራውን ምሳሌ ምን ያደርጉታል? ጥገናው በዓመት ወደ 100,000 ብር፣ የሚቆምበት ቀን ወደ 8 ቢወርድ፣ የሦስት ዓመቱ ድምር ከ1,935,000 ወደ 1,542,000 ብር ይቀንሳል። ደብተሩ ደግሞ የመሸጫውን ዋጋ በ150,000 ብር ቢያሻሽል ድምሩ 1,392,000 ብር ይሆናል። ከጃፓኑ ጋር የሚቀረው ልዩነት 98,000 ብር፣ በዓመት 33,000 ብር ገደማ ነው። ይህ ኪሳራ አይባልም፤ የምቾት ዋጋ ነው። ሰው ለቆዳ ወንበርና በረጅም መንገድ ላይ ለሚገኝ ጸጥታ ይህን ያህል አውቆ ቢከፍል ማንም አይወቅሰውም። የሚያስወቅሰው ሳያውቅ መክፈል ነው።

ከአውሮፓ ስም፣ ከቻይና ማምረቻ

በመጨረሻ፣ በዚህ ዘመን "የአውሮፓ መኪና" የሚለው ስም ራሱ ትርጉሙ እየተለወጠ መሆኑን ማንሳት ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ2022 ከተወሰነ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የቮልስዋገን ምልክት ያላቸው አይዲ 4 እና አይዲ 6 መኪናዎች መታየት ጀምረዋል። አይዲ 6 የተዘጋጀውም የተመረተውም ለቻይና ገበያ ነው። እናቱ ጀርመን፣ ሞግዚቱ ቻይና ነው ማለት ይቻላል።

ይህ መኪና ቺንጋ የለውም፤ የጥቀርሻ ማጣሪያ የለውም፤ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም። ከላይ ከተዘረዘሩት አራት ሕመሞች ሦስቱ በአንድ ጊዜ ይቀላሉ። አራተኛው ግን በእጥፍ ይመለሳል። ለቻይና የተሠራው የኃይል መሙያ መሰኪያ ከአውሮፓው የተለየ ነው። ስክሪኑ የሚናገረው ቻይንኛ ነው። ሶፍትዌሩም የሚታደሰው ለሌላ አገር በተዘረጋ አገልግሎት በኩል ነው። ባለጉዳዩ መኪናውን ያስመጣለት ነጋዴ እንጂ ፋብሪካው የሾመው ወኪል ካልሆነ፣ የባትሪው ዋስትና ማን ዘንድ እንደሚጠየቅ በጽሑፍ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ቮልስዋገን በጥር 2011 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርሞ ነበር። የመግባቢያ ሰነድ ግን መለዋወጫ አይሆንም።

ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ሲሸጥም የአከርሎፍ ሎሚ ይከተለዋል። በቤንዚን መኪና ገዥው ቢያንስ የሞተሩን ድምፅ ይሰማል፤ የባትሪ እርጅና ግን ድምፅ የለውም። የባትሪው የቀረ አቅም በመሣሪያ ተለክቶ በወረቀት ካልቀረበ፣ ገዥው እንደገና በጨለማ ይገዛል። በጨለማ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ዋጋ ይቀንሳል።

እንግዲህ ቅናሹ የማን ነው? ሳያጣራ ለሚገዛ ሰው ቅናሹ የመካኒኩና የሚቀጥለው ገዥ ነው። አስመርምሮ ለሚገዛ፣ ዕቃውን አስቀድሞ ለሚያከማችና ደረሰኙን ለሚያስቀምጥ ሰው ግን የራሱ ሊሆን ይችላል። በጌጃ ሰፈር አጥር ሥር በድንጋይ ላይ የቆመው መኪና የጎደለው አንድ ዕቃ ይመስላል። ሒሳቡን ለሠራ ሰው ግን ያ መኪና የቆመው ዕቃው የጠፋ ዕለት አይደለም፤ ሳይመረመር የተገዛ ዕለት ነው።